የደረቀው ቦኖና የሦስት ደቂቃው ጥያቄ

በጉዳዩ ውስጥ የገባሁት በሁለት ምክንያት ነው፤ አንደኛው ስሠራው የኖርኩት ሙያ፣ ሁለተኛው ረፋድ ላይ የምቀመጥበት ወንበር። ሙያዬ የዕቅድና የሪፖርት ዝግጅት ነበር። የአፋር ክልል መንግሥት መቀመጫ ወደ ሰመራ ከተዛወረ ጊዜ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ከየወረዳው የሚመጣውን የሥራ አፈጻጸም ስቀበል፣ ሳመሳክርና ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሳስተላልፍ ኖሬአለሁ። ወንበሬ ደግሞ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው። ጡረታ ስወጣ የተመለስኩት አባቴ በባቡር ጣቢያ ሠራተኝነታቸው ዘመን ወደ ሠሩት ቤት ሲሆን፣ ቤቱ ጥላ የሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሆነ ረፋዱን በዚያ በረንዳ ላይ አሳልፋለሁ። ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ አዋሽ ላይ ምሳ ይበላል። እንደራሴውም የመጣው ምሳ ሊበላ ነበር።

እንደራሴው ያልኩት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ከነበሩት ጥቂት የተቃዋሚ ወገን አባላት አንዱን ነው። ዛሬ «ተፎካካሪ» ማለት ተለምዷል፤ እኔ ግን በለመድኩት ቃል ብጽፍ አንባቢ ቅር እንደማይለው አምናለሁ። የጭፍራ አካባቢ ተወላጅ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል አፋር ነው። በኋላ «አንተ» እንድለው ስለለመነኝ በዚህ ጽሑፍም እንደዚያው እጠራዋለሁ። በዚያን ቀን ግን ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «የተከበሩ» ብዬ ነበር የተቀበልኩት።

«ጋሼ፣ ሰመራ ዕቅድ ክፍል የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«ነበርኩ።»

«አንድ አንቀጽ ላንብብልዎት? ምሳዬ እስኪመጣ ብቻ ነው።»

የሆቴሉ ባለቤት በዚህ መካከል ሳህን ይዘው ደረሱ። ከወሎ መጥተው አዋሽ ላይ ልጅ አሳድገውና ቤት ሠርተው የኖሩ፣ ሐጅ አድርገው ከተመለሱ ወዲህ ሰው ሁሉ ሐጂያ የሚላቸው ሴት ናቸው።

«ምሳህ ደርሷል» አሉት። «ጋሼን ተዋቸው፤ ጡረታቸውን በሰላም ይብሉበት።»

«ሐጂያ፣ የሕዝብ ጉዳይ እኮ ነው።»

«እኔስ ሕዝብ አይደለሁም? ጥብሱ እየቀዘቀዘ ነው።»

ጥብሱ እየቀዘቀዘ አነበበልኝ። አንቀጹ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለምክር ቤቱ ሊያቀርበው ካዘጋጀው የዘጠኝ ወር ሪፖርት የተወሰደ ነበር፤ ሪፖርቱ ለአባላቱ አስቀድሞ ታድሏል። ከጭፍራ ከተማ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ ሲሠራ የቆየው የጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ፕሮጀክት ተጠናቅቆ ኅብረተሰቡ ተጠቃሚ ሆኗል ይላል። ቀበሌው የእንደራሴው የእናቱ ወገኖች የሚኖሩበት ነው። አጎቱ በስልክ እንደነገረው ከሆነ ቦኖዎቹ ከደረቁ ወራት አልፈዋል።

እኔ በበኩሌ አንቀጹን ደግሜ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። በእኛ ሥራ አንድ ፕሮጀክት መጀመሪያ ግንባታው ያልቃል፤ ቀጥሎ በቦታው ተፈትሾ ርክክብ ይፈጸማል፤ ከዚያ በኋላ ነው አገልግሎት ሰጠ የሚባለው። ይህ አንቀጽ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ዘሏል፤ ስለ ርክክብ አንድም ቃል የለውም። ይህን ነገርኩት። የበለጠ የሚያሳስበውን ነገር ደግሞ ቀስ ብዬ አስረዳሁት፤ ሪፖርቱ እንዳለ ተቀባይነት ካገኘ ፕሮጀክቱ በመሠራት ላይ ካሉት ተራ ይወጣል፤ በመጪው ዓመት በጀት ውስጥም አይታሰብም። የተጠናቀቀን ሥራ ማንም አይጠግንም፣ ማንም አይጠይቅም።

«በጀቱ የሚጸድቀው ሰኔ ማለቂያ ነው» አለ እንደራሴው። «ሪፖርቱ የሚቀርበው ደግሞ በግንቦት። ለእኔ የሚደርሰኝ ሦስት ደቂቃ ነው። ጋሼ፣ ነገ አብረውኝ ቢወርዱስ? ሪፖርት ማንበብ የሚያውቅ ዓይን ቢኖረኝ ጥሩ ነበር።»

በሥራ ዘመኔ የየትኛውም ፓርቲ አባል አልነበርኩም፤ ሹማምንት ሲቀያየሩ እኔ በወንበሬ ላይ የቆየሁትም ሥራዬን ከፖለቲካ በመለየቴ እንደሆነ አምናለሁ። በምሠራበት ኮሪደር «ተቃዋሚ» የሚለው ቃል ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ይሁን እንጂ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ውኃ ይፈሳል ወይስ አይፈስም የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው። ሐጂያ ሳህኑን ሲያነሡ «እሄዳለሁ» አልኩት።

«ወላሂ፣ ጋሼ ጡረታ ወጥተው ፓርላማ ገቡ!» አሉ ሐጂያ።

በማግሥቱ በጠዋት ተነሥተን በገዋኔና በሚሌ በኩል ሰመራ ገባን። ጊዜው የሚያዝያ ማለቂያ ነበር። እንደራሴው የራሱ ጉዳይ ስለነበረው እኔ በባጃጅ ወደ ቀድሞው ቢሮዬ ሄድኩ። በቦታዬ የተተካው ሰው በክብር ተቀብሎ የጠየቅሁትን በቅንነት መለሰልኝ፤ ፕሮጀክቱ የፌዴራል ቢሆንም ርክክብ ተፈጽሞ ቢሆን ግልባጩ ይደርሳቸው ነበር፤ አልደረሳቸውም። ሲሸኘኝ «ጋሼ፣ ምን አደከመዎት?» አለኝ። «ልማድ ነው» አልኩት፤ እውነቱም ያው ነበር።

ሰመራ አድረን በነጋታው ወደ ሚሌ ተመልሰን በጭፍራ መንገድ ወጣን። ከጭፍራ በኋላ አስፋልቱን ለቅቀን በደረቅ ወንዝ ዳር ስንሄድ ቆይተን፣ ከሩቅ በኮንክሪት እግሮች ላይ የቆመ ትልቅ ጥቁር የውኃ ሮቶ ተመለከትን። ቀበሌው እዚያ ነው። ከሮቶው ሥር ፍየሎች ተኝተዋል፤ በአካባቢው ከዚያ የተሻለ ጥላ አልነበረም። ሁለቱን ቦኖዎች በእጄ ከፈትኳቸው፤ አንደኛው ዝም አለ፣ ሁለተኛው ትንሽ አቧራ ተፋ። አረንጓዴ ቀለም የተቀባው የፓምፕ ቤት በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል፤ መስኮቱም በላሜራ የተደፈነ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ልጆች በአንድ ድምፅ ፊደል ይቆጥራሉ። እንደራሴው ወደዚያ ዞሮ ጥቂት ቆመ፤ አስተማሪነቱ ያልለቀቀው ሰው ነው።

አጎቱ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። የእናቱ ወንድምና የጎሳቸው ሽማግሌ ናቸው። አፋርኛ ስለምሰማ የተባለውን ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ተከታትያለሁ፤ እዚህ የማቀርበው በራሴ አማርኛ ነው። ለሰላምታው ከተቀመጥን በኋላ ውኃ የሚለውን ቃል ማንም አላነሣም፤ አስቀድሞ ዳጉ መደረግ ነበረበት። ዳጉ አፋር ከአፋር ሲገናኝ የሚያደርገው የወሬ ልውውጥ ነው፤ ወሬ ስል ግን የከተማውን ሐሜት ማለቴ አይደለም። ተናጋሪው ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ አክሎ ይናገራል። አድማጩ በየመካከሉ ያጣራል። ሐሰት የተገኘበት ሰው በጎሳው ፊት ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላም የሚናገረውን የሚቀበለው የለም። በዚያ አገር ዝናብ የት እንደጣለና ሣር የት እንዳለ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ ሐሰተኛ ወሬ ከብት ይጨርሳል።

እንደራሴው ከአዲስ አበባ ጀምሮ መንገዱን፣ ያገኛቸውን ሰዎች፣ ያየውን ሣር ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ሽማግሌው፣ ምን ይዘህ መጣህ?»

«አንድ ወረቀት ይህ ውኃ እየፈሰሰ ነው ይላል» አልኳቸው።

«ማን አየሁ አለ?»

«የተባለ ስም የለም።»

«የሰማሁት ከእገሌ ነው ብሏል?»

«እሱም የለም።»

ሽማግሌው በረጅሙ ሳቁ፤ ጥቂት የቀሩ ጥርሶቻቸው ታዩ። «የእህቴ ልጅ፣ እናንተ ከተማ ይህን ቁጭ ብላችሁ ትሰማላችሁ?» አሉት።

«እንሰማለን አጎቴ።»

«ደመወዝም ይከፈላችኋል?»

«ይከፈለናል።»

«እንግዲህ ሥራው ከባድ ነው» አሉ፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ከዚያ የራሳቸውን ዳጉ ጀመሩ። «ውኃው ሲመረቅ ነበርኩ። ሲፈስ አይቻለሁ፤ በእጄ ቀድቼ ጠጥቻለሁ። ብዙ ሳይቆይ ቆመ፤ ሲቆምም አይቻለሁ። ከዚያ መኪና መጥቶ ፓምፑን ጭኖ ሄደ፤ ይህን አላየሁም። ግመል ይዤ ወንዝ ወርጄ ነበር። የነገረኝ የወንድሜ ልጅ ነው። እሱም ያየው መኪናውን ነው፤ ጭነቱ በሸራ ተሸፍኖ ነበር።»

«በሸራ ከተሸፈነ ፓምፕ መሆኑን በምን አወቀ?» ሲል እንደራሴው ጠየቀ።

«እኔም እንዲሁ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ‘ከዚህ ቤት ሌላ ምን ይወጣል’ አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ነው የሰማሁት፤ እንዲሁ ውሰደው።»

ስንነሣ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሰው እዚህ የሰፈረው ውኃ ይመጣል ስላላችሁን ነው» አሉት። «ስንዞር የኖርን ሰዎች ነን፤ መዞር አይከብደንም። ይህ በጋ እንደምንም አለፈ። የሚቀጥለው በጋ ሲገባ ውኃ ከሌለ ተነሥተን እንሄዳለን። እኛ ስንነሣ እነዚያ ልጆች ደብተራቸውን ግመል ላይ ይጭናሉ፤ ያ ቆርቆሮ የፍየል ቤት ይሆናል። ይህን ንገርልኝ። የእኔን ቃል ስትናገር ግን አታሳምረው።»

ያን ማታ ወደ ሰመራ ተመለስን። ጥያቄውን ያዘጋጀነው በማግሥቱ፣ ባደርንበት ቤት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው። እንደራሴው ረቂቁን እኔ እንድጽፈው ለመነኝ፤ እኔም በደስታ ጻፍኩ። በሙያዬ የምኮራው አንድ ነገር ቢኖር አጭር መጻፍ ነው። ሦስት ነጥብ አደረግሁት፤ ቦኖዎቹ ደርቀዋል፤ ፓምፑ ከጉድጓዱ ተነቅሎ ተወስዷል፤ ርክክብ ስለመፈጸሙ ማስረጃ የለም፤ ታዲያ መሥሪያ ቤቱ በምን መነሻ ተጠናቋል አለ? ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ተነቦ ያልቃል። እሱም አንብቦ አመሰገነኝና በሁለተኛው ነጥብ ላይ እስክሪብቶውን አሳረፈ።

«ይህን አላየሁም፣ ጋሼ።»

«የሕዝብ እንደራሴ ነህ። መራጭህ የነገረህን የመናገር መብት አለህ።»

«አለኝ። ‘ነገሩኝ’ ብዬ።»

«‘ሰማሁ’ ያልክ ዕለት አለቀልህ» አልኩት። «ሚኒስትሩ ያንን አንድ ቃል ይይዙና የቀረውን ይጥሉታል። ወሬ ነው ይላሉ። ከሦስት ደቂቃህ አንዱን በገዛ እጅህ ለተከራካሪህ ትሰጣለህ።»

«አጎቴ ይሰማል። በቴሌቪዥን ባይሰማ እንኳ ጭፍራ ገበያ ላይ ይደርሰዋል። ያላየሁትን እንዳየሁ ብናገር ከዚያ ወዲያ የእኔን ዳጉ ማን ይቀበለኛል?»

«ምክር ቤቱ የጎሳ ሸንጎ አይደለም።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከእኛ ጋር ኖሩ፤ ግን አሁንም የባቡር ሰው ልጅ ነዎት። ከሐዲዱ ወጥተው አያውቁም።»

«ከሐዲዱ የወጣ ባቡር ደርሶ አያውቅም» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን አንዳችንም ሐሳባችንን አልለወጥንም። ሁለተኛውን ነጥብ በራሱ እጅ እንደ ገና ጻፈው፤ አንድ መስመር የነበረው ሦስት መስመር ሆነ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት እያየሁ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ዕጣ በእነዚያ ሦስት መስመሮች ምክንያት ሊበላሽ ነው ብዬ ሠጋሁ። ሥጋቴን ግን አልደገምኩለትም፤ የሚናገረው እሱ ነው።

ሪፖርቱ የቀረበው በግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሐጂያ ስለ ጉዳዩ ያውቁ ስለነበር የሆቴሉን ቴሌቪዥን በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ከጅቡቲ መስመር የመጡ ሁለት የከባድ መኪና ሾፌሮች ቁርስ ይበላሉ።

«ሐጂያ፣ ኧረ ኳስ አድርጊልን! የትናንቱ ይደገማል» አላቸው አንዱ።

«የትናንት ኳስ ውጤቱ ታውቋል። የዚህ ገና ነው፤ ቁርስህን ብላ።»

ሚኒስትሩ ሪፖርታቸውን በረጅሙ አነበቡ። የተረጋጉ፣ አነጋገራቸው የተመረጠ ሰው ነበሩ። ከአባላቱ ብዙዎቹ አመስግነው ጥቂት ጠየቁ። ከዚያ አፈ ጉባኤው ለእኛ ሰው ዕድል ሰጡ። ወረቀቱን ዘርግቶ ቆመ። ድምፁ በረንዳዬ ላይ ከነበረው ትንሽ ቀጠን ያለ መሰለኝ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፤ በሪፖርቱ ተጠናቅቆ አገልግሎት እየሰጠ ነው የተባለውን የውኃ ፕሮጀክት ሄጄ አይቻለሁ። ሁለቱ ቦኖዎች ደርቀዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የፓምፑ ቤት ተቆልፏል፤ ይህንንም አይቻለሁ። ፓምፑ በመኪና ተጭኖ ተወስዷል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም። የነገሩኝ የቀበሌው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም የሰሙት ከሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ያየው የተሸፈነ ጭነት ነው…»

አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። አንዱ ሾፌር እንጀራውን እንደ ያዘ «በራሱ ላይ አገባ!» አለ። እኔ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ። እንደራሴው ግን ሳይጣደፍ ቀጠለ፤ ርክክብ ተፈጽሞ ከሆነ ማን ፈርሞ እንደተረከበ ጠየቀ፤ ሰፈሩ በሚቀጥለው በጋ ሊነሣ እንደሚችል ሽማግሌው የተናገሩትን ሳያሳምር አቀረበና ተቀመጠ።

ሚኒስትሩ መልስ ሲሰጡ እኔ የፈራሁት ሆነ። «የተከበሩት አባል ራሳቸው እንዳስረዱን ጉዳዩ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈ ወሬ ነው» አሉ፤ እንደገና ተሳቀ። «ፓምፑ በቦታው አለ። ጊዜያዊ መቋረጥ በየትኛውም የውኃ ተቋም ያጋጥማል። ሪፖርቱ ትክክል ነው።» ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሊያልፉ ገጽ ገለጡ።

«በቃ፣ አለቀ» አልኩ ለራሴ፤ ሐጂያ ሰምተውኛል መሰለኝ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ እንደራሴው እጁን አውጥቶ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ እንዳለው አመለከተ። አፈ ጉባኤው ሰዓታቸውን አይተው «በአጭሩ፣ በጣም በአጭሩ» አሉት።

«በአንድ ጥያቄ አበቃለሁ፤ የተከበሩ አፈ ጉባኤ። ክቡር ሚኒስትር፣ ፓምፑ በቦታው አለ ብለውናል። አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?»

ሚኒስትሩ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «በየደረጃው ከሚመለከታቸው አካላት ሪፖርት ደርሶኛል» አሉ።

«ሰምተዋል ማለት ነው። ከማን?»

«ከፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ።»

«እነሱስ አይተዋል?»

ሚኒስትሩ የገለጡትን ገጽ መልሰው ዘጉ። መልካም ሰው ሳይሆኑ አልቀሩም፤ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አዎ ብሎ ማለፍ ቀላል ነበርና። «ይህን አሁን ማረጋገጥ አልችልም» አሉ።

«እንግዲህ የተከበራችሁ አባላት» አለ እንደራሴው፣ «እኔ ሰምቻለሁ፤ ክቡር ሚኒስትሩም ሰምተዋል። እኛ አገር ሁለት ሰሚዎች ሲጣሉ አንድ የሚያይ ሰው ይላካል። እኔ ተቃዋሚ ስለሆንኩ የእኔ ማየት አይበቃ ይሆናል። ምክር ቤቱ ራሱ ሄዶ ይይ።»

እንደገና ሳቅ ተሰማ፤ ይህኛው ግን ቀድሞ የሰማነው ዓይነት አልነበረም። ከገዢው ፓርቲ አባላት መካከል በአዎንታ ራሳቸውን የሚነቀንቁ አየሁ። አፈ ጉባኤው ጉዳዩ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መመራቱን፣ ኮሚቴውም በቦታው ተገኝቶ ውጤቱን በጀቱ ከመጽደቁ በፊት እንዲያቀርብ፣ እስከዚያው በሪፖርቱ ውስጥ ያ አንቀጽ ብቻ ሳይጸድቅ እንዲቆይ አስታወቁ።

«ይህቺን ጥያቄ እኔ ሥጋ አምጪዬን ነው የምጠይቀው» አሉ ሐጂያ። «‘ዛሬ የታረደ ነው’ ይለኛል፤ ‘አይተሃል?’ እለዋለሁ፤ ዝም!» ኳስ ፈልጎ የነበረው ሾፌር ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ፣ ሰውየው ከየት እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጭፍራ ነው አልኩት። «ጎበዝ ነው፤ ግን ከዚያ ሰፈር መንገዱንም ቢጠይቅልን ጥሩ ነበር» ብሎ ሄደ።

የኮሚቴው አባላት ወደ ጭፍራ ሲወርዱ አዋሽ ላይ ምሳ በሉ። አብዛኞቹ የገዢው ፓርቲ አባላት ሲሆኑ፣ ሰብሳቢያቸው በጥሞና የሚያዳምጡ ሴት ነበሩ። እንደራሴው ከእነሱ ጋር አልሄደም፤ ራሱ ጠያቂ ስለሆነ ራሱ መርማሪ መሆን እንደማይገባው ገልጾ ቀረ። እኔም አልሄድኩም። ሰብሳቢዋ ሐጂያ ባደረጉት ጥቆማ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ አንድ የሪፖርት ሰው እዚያ ቢደርስ መጀመሪያ ምን ያያል ብለው ጠየቁኝ። «ቁልፉን ያስከፍቱ፤ ስለ ተቆለፈ ቤት የሚነገር ሁሉ መስማት ነው» አልኳቸው። የሽማግሌው አስተሳሰብ በቀላሉ ይጋባል።

ቁልፉን አስከፈቱ። ያገኙትን ኋላ በምክር ቤቱ የተነበበው ዘገባቸው በዝርዝር አስቀምጦታል። ፓምፑ በጉድጓዱ ውስጥ፣ በቦታው ነበር። ሚኒስትሩ የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ። በቤቱ ውስጥ ያልነበረው ጄነሬተሩ ነው፤ ከነመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ተነቅሎ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ለጊዜው በሚል ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተወስዷል፤ አልተመለሰም። ርክክብም አልተፈጸመም።

ዘገባውን በቴሌቪዥን ስሰማ መጀመሪያ የታወሰኝ የራሴ ረቂቅ ነው። «ፓምፑ ከጉድጓዱ ተነቅሎ ተወስዷል» የሚለው አጭሩና ያማረው ዓረፍተ ነገር ተነቦ ቢሆን ኖሮ፣ ሚኒስትሩ የፓምፑን ፎቶግራፍ አስመጥተው በአንድ ደቂቃ ያፈርሱት ነበር፤ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር እንደራሴውም፣ ከእሱ ጋር ቀበሌውም ይወድቃል። ማታ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ረቂቅ እኮ ጥሩ ነበር» አለኝ። «ያጠፋው የአጎቴ የወንድም ልጅ ነው፤ ሸራውን ገልጦ አላየም።»

«አንተስ፣ ‘ሰማሁ’ ስትል ሲስቁብህ ምን ተሰማህ?»

«አስተማሪ አልነበርኩም እንዴ? የሚስቅ ክፍል አስተምሬአለሁ።»

ሚኒስትሩ በዕለቱ ተገኝተው የኮሚቴውን ግኝት ተቀበሉ። ለምን እንደተቀበሉ የተለያየ አስተያየት ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ እኔ ከሰማሁት በላይ ስለማላውቅ እዚህ አልጽፈውም። ምክር ቤቱ በሰኔ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ባደረገው ስብሰባ ፕሮጀክቱ ከተጠናቀቁት ወጥቶ በመሠራት ላይ ካሉት ጋር እንዲቆጠር፣ ጄነሬተሩ በጋው ከመግባቱ በፊት እንዲመለስ፣ ርክክቡም ነዋሪዎቹ በተገኙበት እንዲፈጸም ወሰነ። በውሳኔው ላይ እጁን ያላወጣ አባል አላየሁም፤ ካሜራው ያሳየኝን ያህል ማለቴ ነው።

ክረምቱ አልፎ ጄነሬተሩ በተመለሰ ጊዜ፣ የርክክቡ ሥነ ሥርዓት ለረቡዕ ተወሰነ። የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢና እንደራሴው ተገኙ፤ እኔም በእንግድነት ተጠርቼ ሄድኩ። ቦኖዎቹ ተከፈቱ፤ ውኃው ፈሰሰ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደረደሩ። ተወካዩ ሰነዱን ዘርግተው የነዋሪዎቹ ምስክር ሆነው እንዲፈርሙ ለሽማግሌው እስክሪብቶ አቀረቡላቸው።

ሽማግሌው ግን እስክሪብቶውን አልተቀበሉም። «ባለፈውም ስትመርቁት ፈሷል» አሉ። «ማታ ከብቱ ይጠጣ፤ ጠዋት ልጆቹ ይጠጡ፤ ከዚያ አየሁ እላለሁ።»

ተወካዩ ወደ ሰብሳቢዋ፣ ሰብሳቢዋ ወደ እንደራሴው ተመለከቱ። እንደራሴው «አጎቴ ናቸው፤ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም» አለ። መኪኖቹ እዚያው አደሩ። ጠዋት ከትምህርት በፊት ልጆቹ ተራ ይዘው ጠጡ፤ ሽማግሌውም በመጨረሻ በእጃቸው ቀድተው ቀመሱና ለአሻራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ዘረጉ። ለረቡዕ ተዘጋጅቶ የነበረው የርክክብ ሰነድ ቀኑ ተስተካክሎ፣ ፕሮጀክቱ አገልግሎት መስጠት መጀመሩን በማረጋገጥ የተፈረመው በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው።